ቅኝትና ጥገና፦ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ታሪክ

የመሣሪያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የፈልሳፊውን ስምና መሣሪያው የወጣበትን ዓመት መነሻ በማድረግ ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በየዕለቱ እየፈታ ያጸዳው፣ የላላውን ያጠበቀው፣ ያለቀውን የለወጠው ሰው ግን በታሪክ ገጾች ላይ ስፍራ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፈጠራ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚታይ ድርጊት ሲሆን፣ ጥገና ማለቂያ የሌለው፣ በሚገባ ሲፈጸምም ዐይን የማይስብ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ መሣሪያዎች ታሪክ ጠጋኙን ትቶ ፈልሳፊውን ብቻ ማንሣት ነገሩን ከግማሽ በታች መናገር ይሆናል። በሬዲዮ የምትታዘዘውና በአራቱም ጎማዎቿ የምትነዳው ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ከነዚህ መሣሪያዎች አንዷ ናት።

ይህች መኪና በመጠን ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ያህል ናት። ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም ለውድድር ስትቀርብ ከአንድ ኪሎ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። በአሸዋ፣ በአፈርና በኮረኮንች ላይ እንድትሮጥ ተብላ የተሠራች ቀላል መኪና በመሆኗ «በጊ» የሚል ስም ተሰጥቷታል። ሹፌሩ ከሜዳው ዳር ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው ማስተላለፊያ ያዝዛታል፤ አንዱ ዙር ውድድር የሚፈጀውም አምስት ደቂቃ ነው። ለተመልካች የልጆች መጫወቻ ልትመስል ትችላለች። ነገር ግን በውስጧ ዲፈረንሻል፣ ፍሪሲዮን፣ በዘይት የሚሠራ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ፣ ሞተርና ባትሪ ስላሉ በታላቁ መኪና ላይ የሚነሣው የሙያ ጥያቄ በእርሷም ላይ ይነሣል። እንዲያውም መጠኗ ትንሽ፣ ጊዜዋም አጭር በመሆኑ፣ የጥገና ጉድለት በታላቁ መኪና ላይ በወራት የሚገልጠውን በእርሷ ላይ በደቂቃዎች ይገልጠዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ከአስፋልት ወደ አፈር

ተንቀሳቃሽ መሣሪያን ከሩቅ በሬዲዮ ሞገድ የማዘዝ ጥበብ መነሻው መኪና ሳይሆን ጀልባ ነው። ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ እያዘዘ ለሕዝብ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ጥበቡ ወደ ተራው ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ማስተላለፊያውና መቀበያው በእጅ የሚያዙና በአነስተኛ ባትሪ የሚሠሩ እንዲሆኑ በመጀመሪያ ትራንዚስተር መፈልሰፍ ነበረበት።

በጃፓን አገር፣ በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው የታሚያ ኩባንያ በ1976 ፖርሽ 934 የተባለውን መኪና በአንድ አሥራ ሁለተኛ መጠን አስመስሎ፣ በሬዲዮ የሚታዘዝ አድርጎ አወጣ። ይህች መኪና ለለሰለሰ ወለል የተሠራች ነበረች። በ1979 ግን ያው ኩባንያ ራፍ ራይደርና ሳንድ ስኮርቸር የተባሉትን ሁለት በጊዎች ባወጣ ጊዜ ጨዋታው ከአስፋልት ወርዶ ወደ አፈር ገባ። አፈሩም ወዲያውኑ አዲስ ጥያቄ አመጣ። ሁለቱም መኪናዎች የሚነዱት በኋላ ጎማዎቻቸው ብቻ ስለነበረ፣ ልቅ መሬት ላይ ሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል ሁለት ጎማዎች ብቻ ሊሸከሙት አልቻሉም። ጎማው ይሽከረከራል፤ መኪናዋ ግን በዚያው ልክ አትሄድም።

በታላላቆቹ መኪናዎች ዓለም ይህ ጥያቄ ቀደም ብሎ የተነሣ ነበር። ፈርጉሰን ፒ 99 የተባለችው በአራቱም ጎማ የምትነዳ የእሽቅድምድም መኪና በ1961 በእንግሊዝ አገር በኦልተን ፓርክ በስተርሊንግ ሞስ መሪነት አሸንፋለች። በ1980 ለሕዝብ የቀረበችው ኦዲ ኳትሮ ደግሞ በ1982 ለፋብሪካዋ የዓለም የራሊ ሻምፒዮናን የአምራቾች ማዕርግ አስገኝታለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ኃይሉ ለአራት ጎማዎች ሲከፋፈል እያንዳንዱ ጎማ ጥቂት ይሸከማል፤ በድምር ግን መሬቱ የበለጠ ይያዛል። ከ1983 ገደማ ጀምሮ ይኸው መፍትሔ ወደ ትንንሾቹ በጊዎች ተሻገረ።

የአራት ጎማ ዋጋ

ይህ መፍትሔ ግን ዋጋ ነበረው። ኃይል ከኋላ ወደ ፊት እንዲሻገር ተጨማሪ ጥርሶች፣ ተጨማሪ ኩሽኔታዎችና ሁለተኛ ዲፈረንሻል ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍል ክብደት ይጨምራል፤ ከክብደቱ ይልቅ የሚከፋው ግን ሰበቃው ነው።

የሰበቃን ዋጋ ለመረዳት የዘመኑን ባትሪ ማስታወስ ይገባል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተለመደው ባትሪ ስድስት የኒኬል ካድሚየም ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው የሚሠሩት፣ 7.2 ቮልት የሚሰጥና 1200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነበር። አምስት ደቂቃ የሰዓት አንድ አሥራ ሁለተኛ ስለሆነ፣ መኪናዋ ውድድሩን ለመፈጸም በአማካይ ከ14.4 አምፔር በላይ መሳብ አይገባትም ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሳበች መኪና የቱንም ያህል ብትፈጥን በአራተኛው ደቂቃ ላይ ደክማ ትቆማለች። ስለዚህ በዚያ ዘመን ተወዳዳሪው የሚዋጋው ከባላጋራው ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከገዛ ባትሪውም ጋር ነበር። ከሞተሩ ፒኞን አንድ ጥርስ መቀነስ ወይም መጨመር ውድድሩን በመጨረስና ባለመጨረስ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችል ነበር።

እንግዲህ በሁለት ጎማ የምትነዳው መኪና ኩሽኔታዋ ቢቆሽሽ ጥቂት ፍጥነት ታጣለች። በአራት ጎማ የምትነዳው ግን ሰበቃው በየክፍሉ ስለሚደራረብባት፣ ያልጸዳች እንደሆነ በአራቱ ጎማዎች ያገኘችውን ጥቅም ሁሉ ለሰበቃ ከፍላ ባዶ እጇን ትቀራለች። በወረቀት ላይ የነበራት ብልጫ በሜዳ ላይ የሚታየው በጠጋኙ እጅ በኩል ካለፈ ብቻ ነበር።

ሦስቱ መንገዶች

ኃይልን ከኋላ ወደ ፊት ለማሻገር የዘመኑ ሠሪዎች ሦስት መንገዶችን ሞክረዋል። እያንዳንዱም መንገድ በውስጡ የጥገና ውሳኔ ያዘለ ነበር።

የመጀመሪያው ሰንሰለት ነው። የጃፓኑ ዮኮሞ ዶግ ፋይተር በተባለችው መኪናው፣ ኪዮሾም በ1985 ባወጣት ኦፕቲማ ላይ ይህን መንገድ መርጠዋል። ሰንሰለት ጠንካራ ነው፤ ድንጋይ አይበጥሰውም። ነገር ግን እየዋለ ሲያድር ይረዝማል፣ በአፈርና በዘይት ድብልቅ ጥርሶቹን ይፍቃል፣ ሲላላም እየዘለለ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ውጥረቱን ደጋግሞ እንዲለካ ያስገድደዋል።

ሁለተኛው ካርዳኖ ነው። ታሚያ በ1985 ያወጣት ሆትሾት በአራቱም ጎማ የምትነዳ የኩባንያው የመጀመሪያ በጊ ስትሆን፣ ከፊትና ከኋላ በተዘጉ ካምቢዮዎች ውስጥ ጥርሳማ ዲፈረንሻሎች ነበሯት፤ ሁለቱን የሚያገናኘውም ካርዳኖ ነበር። የዚህ መንገድ ጥቅም አቧራን በር መዝጋቱ ነው፤ በግራሶ ተሞልቶ የተዘጋ ካምቢዮ ለብዙ ጊዜ ሳይነካ ይሠራል። ጉዳቱ ደግሞ ኃይሉ ወደ ጎማዎቹ ለመድረስ በ90 ዲግሪ መታጠፍ ያለበት መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱም መታጠፊያ ከኃይሉ ድርሻውን ይወስዳል። ለጀማሪው ልጅ የተመቸው ይህ መንገድ በእያንዳንዱ አምፔር ለሚጨነቀው ተወዳዳሪ ውድ ነበር።

ሦስተኛው ጥርስ ያለው ቺንጋ ነው። ይህን መንገድ ያስከበረው በእንግሊዝ አገር፣ በኖርዝሃምፕተን የሚገኘው የሹማከር ኩባንያ በ1986 ባወጣት ካት በተባለችው መኪና ነው። የኩባንያው መሥራች ሴሲል ሹማከር ከታወቀው የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪ ጋር ስመ ሞክሼ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በኮስዎርዝ የሠራ መሐንዲስ ነበር። ቺንጋ ቀላል ነው፤ ሰበቃውም አነስተኛ ነው። ነገር ግን ቺንጋው ሲላላ ጥርስ ይዘላል፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጫንና ያተረፈውን ኃይል መልሶ ይበላል። አንዲት ጠጠር በቺንጋውና በፑሊው መካከል ከገባችም ውድድሩ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከሦስቱ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለውና ከፍተኛውን ትጋት የሚጠይቀው ይኸው ቺንጋ ነበር።

ከዴል ማር እስከ ሮምሲ

የአንድ አሥረኛ መጠን ያላቸው የኤሌክትሪክ በጊዎች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1985 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በዴል ማር ተደረገ። በአራት ጎማ በሚነዱት ክፍል ያሸነፈው አሜሪካዊው ጊል ሎሲ ልጅየው ሲሆን የነዳትም የዮኮሞ መኪና ነበረች። የሰንሰለት ዘመን በክብር ላይ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ሻምፒዮናው በእንግሊዝ አገር በሮምሲ ሲደረግ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአራት ጎማ ክፍል ያሸነፈው የ17 ዓመቱ ጃፓናዊ ማሳሚ ሂሮሳካ ነበር፤ የነዳት ግን በቺንጋ የምትሠራዋን የእንግሊዝ ካት ነበር። በዚያው ዓመት ኪዮሾ ራሱ ኦፕቲማ ሚድ በተባለችው መኪናው ወደ ቺንጋ ተሻገረ። ዮኮሞም በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ ዋይ ዜድ 10 በተባለችው በቺንጋ በምትነዳው መኪናው ወደ ላይኛው ደረጃ ተመለሰ። ሂሮሳካ በሥራ ዘመኑ 14 የዓለም ሻምፒዮና ማዕርጎችን ያገኘ ሲሆን፣ በዚህ ስፖርት ታሪክ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣ ሰው ሆኗል።

ይህን ድል የቺንጋ ድል ብቻ አድርጎ መቁጠር አይበቃም። ያንኑ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ አላሸነፈም። ቺንጋ ያሸነፈው ውጥረቱን በየዙሩ የሚለካ፣ ፑሊውን በብሩሽ የሚያጸዳ፣ ኩሽኔታውን አንድ በአንድ በጣቱ እያሽከረከረ የሚመረምር ሰው ባለበት ሰፈር ነው። በሌላ አነጋገር፣ ተወዳዳሪው ዓለም ከሦስቱ መንገዶች ብዙ ጥገና የሚጠይቀውን የመረጠው ጥገናውን ለመክፈል ዝግጁ የሆኑ እጆች ስለነበሩት ነው።

ኳሶቹና ቀለበቶቹ

ለዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚሆነው የኳስ ዲፈረንሻል ነው። ሴሲል ሹማከር ኩባንያውን በ1980 የጀመረው በዚህ መሣሪያ ሲሆን፣ በኋላ ለበጊዎች ሁሉ የተለመደ ሆነ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በፑሊው ዙሪያ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ጥቃቅን የብረት ኳሶች ይሰደራሉ፤ በግራና በቀኝ ሁለት የለሰለሱ የብረት ቀለበቶች ይገጠማሉ፤ በመካከል የሚያልፍ አንድ ብሎንም በሞላ ግፊት ሁሉን አንድ ላይ ይጨምቃል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ሁሉም እንደ አንድ አካል ይዞራል። በመታጠፊያ ላይ ግን ኳሶቹ ይንከባለሉና የውጭው ጎማ ከውስጠኛው እንዲፈጥን ይፈቅዳሉ።

ይህ መሣሪያ እጅግ የለዘበ ነው፤ ግን ምሕረት የለውም። ብሎኑ ከላላ ኳሶቹ መንከባለላቸውን ትተው ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ቀለበቱን ይቦረቡራሉ። ከጠበቀ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ይከብዳል፣ መኪናዋም አልታጠፍ ትላለች። ልኩ የሚታወቀው ሁለቱን ጎማዎች አጥብቆ ይዞ ፑሊውን በአውራ ጣት ለማዞር በመሞከር ነው፤ መንሸራተት የለበትም። በኋላ ዘመን የሚንሸራተት ፍሪሲዮን በተጨመረ ጊዜ ደግሞ አንድ ሕግ ጸና፤ ይኸውም ዲፈረንሻሉ ከመንሸራተቱ በፊት ፍሪሲዮኑ መንሸራተት አለበት የሚል ነው። በርካሽ የሚለወጠው ክፍል ውዱን ክፍል እንዲጠብቅ ማድረግ በየትኛውም የሙያ መስክ የሚሠራ ደንብ ነው።

በኩሽኔታም ረገድ እንዲሁ ያለ ምርጫ ነበር። ብዙ ተወዳዳሪዎች ከኩሽኔታው ግራሶውን አጥበው በአንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይተኩት ነበር። ኩሽኔታው በቀላሉ ይሽከረከራል፤ ነገር ግን ጥበቃው ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ የውድድር ቀን መጸዳትና መቀባት ግድ ይሆንበታል። ነፃነቱ የተገዛው በሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ቅኝት

መኪናዋን ከመጠገን ቀጥሎ ያለው ሥራ ለሜዳው ማዘጋጀት ነው። ይህን ሥራ ቅኝት ማለት ይቻላል፤ ክራር የሚቃኘው አውታሮቹ ጤነኛ ከሆኑ በኋላ እንደሆነ ሁሉ፣ መኪናም የምትቃኘው ጥገናዋ ከተፈጸመ በኋላ ነውና። ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ያጸኑት ቅደም ተከተል ሦስት ደረጃዎች አሉት።

አንደኛው ነፃነት ነው። አሞርዛተሮቹ ሲነቀሉ የጎማ ክንዶቹ በራሳቸው ክብደት ያለ መያዝ መውረድ አለባቸው። በአንድ ፒን ዙሪያ የቀረ ጥቂት አፈር ምርጡን ሞላ ዋጋ ያሳጣዋል።

ሁለተኛው እኩልነት ነው። የግራና የቀኝ አሞርዛተሮች ርዝመታቸው፣ ዘይታቸውና ሞላቸው አንድ መሆን አለበት። የሲሊኮን ዘይት ሲሞላ ፒስተኑ በዝግታ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ የአየር አረፋው ሁሉ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ በአንዱ ወገን አየር ከቀረ መኪናዋ ከዝላይ ስታርፍ ወደ አንድ ጎን ትዘምማለች። የሻሲው ከፍታ የሚለካውም ባትሪው በቦታው ሳለ ነው፤ በባዶ መኪና ላይ የተወሰደ ልክ በሜዳ ላይ ያለችውን መኪና ልክ አይናገርም።

ሦስተኛው ለውጥ ነው፤ እርሱም አንድ በአንድ። የጎማዎቹ አናት ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ የኋላ ጎማዎች አፍንጫም ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ይህም መኪናዋ ኃይል ስታገኝ ኋላዋ እንዳይሸሽ ይረዳታል። የብርድ ጧት ዘይቱን ስለሚያወፍረው ቀጠን ያለ ዘይት ይመረጣል፤ ቀትር ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው። ዋናው ደንብ ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ አለመለወጥ ነው፤ ሁለት ነገር ለውጦ የተሻለ ውጤት ያገኘ ሰው የትኛው እንደረዳው ለማወቅ መንገድ የለውምና።

ከዚህም ልማድ የቅኝት ቅጽ የሚባለው ወረቀት ተወለደ። በቅጹ ላይ የመኪናዋ ሥዕል ታትሞ፣ በየክፍሉ አጠገብ ባዶ ስፍራ ይተዋል፤ ተወዳዳሪው የዘይቱን ውፍረት፣ የሞላውን ዐይነት፣ የጎማውን ዘንበልታ፣ የሜዳውንም ሁኔታ ይጽፍበታል። አሸናፊዎቹ ቅጾቻቸውን ለሌሎች ማካፈላቸው የተለመደ ሆነ። በዚህም የአንድ ሰው የእጅ ልምድ ለማያውቀው ሰው የሚተላለፍ ጽሑፍ ሊሆን ቻለ።

ጥጋብ ሲመጣ

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ የካድሚየሙን ስፍራ መያዝ ጀመረ፤ የአውሮጳ ኅብረትም በ2006 ባወጣው መመሪያ መርዛማውን ካድሚየም በባትሪ ውስጥ ገደበ። ቀጥሎ የመጣው ሊቲየም ፖሊመር ግን ስሌቱን ከሥሩ ለወጠው። ሁለት ሴሎች ያሉት፣ 7.4 ቮልት የሚሰጥና 4000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከጥንቱ ባትሪ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ያከማቻል። ካርቦን የሌለው ሞተርም አብሮት ገባ። ቀድሞ ኮሙቴተሩን በትንሽ ቶርኖ እየላገ፣ ካርቦኑን እየለወጠ ሞተሩን በሕይወት ያቆይ የነበረው ሙያተኛ ይህ ሥራው አበቃ።

አምስቱ ደቂቃ ችግር መሆኑ ሲቀር የሰበቃ ዋጋ ረከሰ። በዚህም ምክንያት ካርዳኖ ወደ ላይኛው ውድድር ተመልሶ መጣ፤ ቺንጋ ፈጽሞ ባይጠፋም ብቸኛ ገዥነቱ አከተመ። ዲፈረንሻሉም በብዙዎቹ መኪናዎች ወደ ጥርሳማው ተመልሶ፣ ውስጡ በወፍራም የሲሊኮን ዘይት ተሞልቶ ይታሸጋል። በ1985 ለጀማሪ የተሠራው አሳብ በተሻለ ብረትና በተሻለ ልኬት የባለሙያው መሣሪያ ሆነ።

ጥገናው ግን አልጠፋም፤ ፊቱን አዞረ እንጂ። ቀድሞ ጠጋኙ የሚታገለው ከጉድለት ጋር ነበር፤ አሁን የሚታገለው ከትርፍ ጋር ነው። የበዛው ኃይል ጥርስ ይሰብራል፣ ፍሪሲዮን ያቃጥላል፣ ካርዳኖ ያጣምማል። ባትሪውም ራሱ አዲስ ጥንቃቄ አመጣ። አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ እንዲሞላ፣ ከ3 ቮልት በታችም እንዲወርድ መተው አደጋ አለው፤ ያበጠ ባትሪ ከአገልግሎት መውጣት አለበት፤ በሚሞላበት ጊዜም ያለ ጠባቂ አይተውም፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። የኒኬል ካድሚየም ዘመን ስንፍና ውድድር ያስከፍል ነበር፤ የሊቲየም ዘመን ስንፍና ቤት ሊያስከፍል ይችላል።

ወረቀቱና እጁ

ታሚያ፣ ኪዮሾና ሹማከር ከ2000ዎቹ ወዲህ የ1980ዎቹን መኪናዎቻቸውን ዳግም አውጥተዋል። በዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ሰዎች ጎልማሶች ሆነው ይገዟቸዋል፤ ብዙዎቹም በመደርደሪያ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ንድፉ ተገኝቷል፤ ፕላስቲኩ እንደገና ፈስሷል፤ ሳጥኑ እንኳ እንደ ጥንቱ ታትሟል። የማይታተመው አንድ ነገር ቢኖር ብሎኑ መቼ እንደሚበቃው የሚያውቀው አውራ ጣት ነው።

ያን አውራ ጣት ያሠለጠነው ጥንቱንም አሠራሩ ነበር። መኪናዋ ከሱቅ የምትወጣው ተበታትና በከረጢት ተሞልታ ስለነበረ፣ ባለቤቱ ሳይገጥማት ሊነዳት አይችልም ነበር፤ የገጠማትን ሰው መፍታት አያስፈራውም። ተገጥማ የምትሸጠው መኪና ገበያውን ካጥለቀለቀች ወዲህ ግን ብዙ ባለቤቶች የመጀመሪያውን ብሎን የሚፈቱት መኪናዋ ከተሰበረች በኋላ ሆኗል። ይህ ለውጥ በትንሿ በጊ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ተዘግቶ የሚመጣ መሣሪያ በበዛበት ሁሉ ያለ ነው።

ከዚህች አነስተኛ መኪና ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። ንድፍ ለመሣሪያ የሚሰጠው ተስፋን ነው፤ ተስፋውን የሚፈጽመው ጥገና ነው። በ1987 በሮምሲ የታየው ብልጫ በወረቀት ላይ ከአንድ ዓመት በፊት ነበረ፤ በሜዳ ላይ የታየው ግን በየዙሩ መካከል በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች፣ በብሩሽ፣ በካቻቢቴና በአንዲት ጠብታ ዘይት ነው። የሚመጣው ትውልድ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር የቅኝት ቅጹንም እንዲረከብ ማድረግ፣ በቅጹ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ እጅም ማሠልጠን፣ መሣሪያውን ከመግዛት ያላነሰ የሙያ ግዴታ ነው።